ዘይቱኗ ስር ያለው ቧንቧ

ጥር 14፣ ጠዋት 1 ሰ.

ጠብታ የሚቀበሉትን ሳህኖች ገለበጥኩ። የኩሽናው ሞልቶ ፈሷል፤ የመታጠቢያው ግማሽ ነው። ዛሬ ደግሞ አዲስ ተጨመረ። የጓዳው ግድግዳ ከታች በኩል ረጥቧል። በጣቴ ነካ ባደርገው ቀለሙ ተላጦ እጄ ላይ ቀረ። ውሃውም ዝገት ዝገት ይላል። ነጭ ሻሼን ትናንት አጠብኩት፣ ዛሬ የሻይ መልክ ይዟል።

አንቺ ደብተር፣ ጂዳ እያለን ስለ ሰው ቤት ቧንቧ ስንት ጊዜ ጽፌብሻለሁ። የማዳም ቤት ባፈሰ ቁጥር ሰራተኛ መጥራቱ የኔ፣ አጠገቡ መቆሙ የኔ፣ ወለሉን መወልወሉ የኔ። ቤቱ ግን የሷ። አሁን የራሴ ቤት ያፈሳል። ወላሂ ደስ ይላል! አሮጌውን ክፍል አባዬ ሰራው፣ አስፋልቱ ላይ ያሉትን የፊት ክፍሎች እኔ እዚያ ሆኜ አሰራኋቸው። ቢያፈስም የራሴ ነው።

አባዬን ቧንቧ ሰራተኛ ልጥራ አልኩት። እንግዳ አይደለሽ እንዴ፣ ቁጭ በይ አለኝ። ከመጣሁ ክረምት አልፎ በጋ ገባ። እንግድነቴ ግን አላልቅ አለ።

ጥር 16፣ ከሰዓት

የማዳም የድምፅ መልእክት። ልጆቹ ስምሽን ይጠራሉ። እናቴ ካንቺ እጅ በቀር አልበላም ብላለች። ቪዛሽ ዝግጁ ነው፣ እስከ የካቲት መጨረሻ ንገሪኝ። ጥሩ ሴት ናት። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

እዚህ የማስበውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ዓሳ ቤት። የፊቱ ክፍል በሩ አስፋልት ላይ ነው፤ ከደሴ የሚወጣ፣ ከወልዲያ የሚመጣ ሁሉ በበራችን ያልፋል። ሐይቁ እዚሁ። ቆሮሶ ዓሳው ከጀልባ ወርዶ ሳይሞት ይደርሰኛል። ለግሸን የሚሄደው፣ እስጢፋኖስን የሚሳለመው፣ ለሰርግ የሚመጣው፣ ሐይቅ ሲደርስ ሁሉም ዓሳ ነው የሚለው። ግን ዓሳ ያለ ውሃ ይገማል። በሚንጠባጠብ፣ ዝገት በሚተፋ ቧንቧ ዓሳ አይታጠብም። ስለዚህ ነገሩ አጭር ነው። ቧንቧው ከተስተካከለ እቀራለሁ። ካልተስተካከለ እሄዳለሁ። ለአባዬ እንዲህ ብዬ አልነገርኩትም። ያስፈራራሁት ይመስለዋል።

ጥር 18

ሙሄን ጠራሁት። የሰፈሩ ቧንቧ ሰራተኛ ነው፤ ት/ቤት አብረን ነበርን፣ ያኔም አፉ አያርፍም። አባዬ መስጊድ ሄዶ ነበር። አዎ፣ ሰዓት መርጬ ነው።

ሙሄ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዘጋጋ። ከዚያ በሩ አጠገብ ወዳለው ቆጣሪ ወሰደኝ። ምንም ሳይከፈት ትንሿ ቀይ መዘውር ትዞራለች። "እንግዲህ ማን ነው የሚጠጣው ሰዓዳ?" አለኝ። ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ባለው መሬት ውስጥ ውሃው ይጠፋል። ያ መሬት ላይ ያለችው ደግሞ ዘይቱኗ ናት።

ዘይቱን በበጋ! የሌላው ሰው ዛፍ ቅጠሉን ሲያራግፍ የኛዋ ታፈራለች። አባዬ በሳህን እያደረገ ለጎረቤት ያድላል፣ በረካ ያላት ዛፍ ናት እያለ ይኩራራባታል። በረካዋ በቆጣሪ እየተለካ ነው ለካ። ሳቄን ያዝኩት፣ ሙሄ ግን አልያዘውም።

ሙሄ ያለው እንዲህ ነው። ብረቱ አርጅቷል። መጠገን ይቻላል፤ የሚያፈሰውን እየቆረጡ መቀጠል፣ መጋጠሚያውን ማጥበቅ። ግን አዲሱ ብረት አሮጌውን ይጎትተዋል፣ አንዱን ስትደፍኚው ሌላው ይከፈታል። መተካት ከሆነ ግን ከቆጣሪው እስከ ኩሽና ቆፍሮ በፕላስቲክ ቧንቧ አዲስ መስመር መዘርጋት ነው። አንዴ ላብ፣ ከዚያ እረፍት። በላይ በላይ እንዘርጋው አልኩት። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ይሰነጠቃል፣ መቀበር አለበት አለ። ቀጥተኛው መንገድ በዘይቱኗ ስር ነው። ሌላ መንገድ የበረንዳውን ሲሚንቶ መስበር ይጠይቃል።

አባዬ መጣ። ሙሄን ሰላም አለው፣ ሻይ አስቀረበለት፣ ስለ እናቱ ጤና ጠየቀው። ከዚያ በለሆሳስ፦ መቆፈር የለም። ዘይቱኗን እናትሽ ናት የተከለቻት፣ ስሯ አይነካም። በርጩማውን አንስቶ ሄዶ ዛፏ ስር ተቀመጠ። ዘብ የቆመ ነው የሚመስለው።

ጥር 19

ከአባዬ ጋር ክርክር። ደብተሬ፣ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከልብስ ሰፊ ጋር ስለ መጠገን መከራከር ሞኝነት ነው። ልብስ በተቀደደ ቁጥር ይጣላል እንዴ? አለኝ። እራፊ የሚያበላሸው የማይችል ሰው ሲጥፈው ነው። እራፊውን መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ከነከሩት፣ እንዲኮማተር ካደረጉት በኋላ ከሰፉት አሮጌውን አይጎትትም። ሙሄ ይህን አልተማረም። እንዲህ እያለ።

ቧንቧ ውሃ ውስጥ ነው የኖረው፣ ከዚህ በላይ የት እንንከረው አልኩት። ሳቀ። እሺ ግን አላለም።

ብረቱን የዘረጋው እሱ ነው። ውሃ ወደ ሰፈራችን ሲገባ ከሁሉ ቀድሞ የገባው እኛ ቤት ነበር፤ እናቴ ጀሪካን ከጀርባዋ እንድታወርድ ብሎ። ሰፈሩ በሙሉ ባልዲ ይዞ እየመጣ ቀዳ። ይህን ሲያወራ ዓይኑ ያበራል። እኔም እኮራበታለሁ። ግን ኩራት እንደ ብረት ነው፣ ይዝጋል አልኩት። ይህችን ተናግሬ ሳበቃ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ደስ አላለውም። ምሳውን ትቶ ወጣ።

ጥር 21

የአባዬን ኮት ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ የቴሌቪዥን ሪሞት አገኘሁ። የኛ ሪሞት። አዝራሮቹ በፕላስቲክ እንደተሸፈኑ።

ያን ቴሌቪዥን ታስታውሺዋለሽ፣ ለውጡ የመጣ ሰሞን የላክሁትን። ያኔ ሀገሩ በሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ተጥዶ ነበር፣ የምክር ቤቱ ንግግር፣ የእስረኛ መፈታት፣ የኤርትራ እንግዶች። ሰፈሩ እኛ ቤት ነበር የሚያየው። አባዬ ሪሞቱን ከደረት ኪሱ አይለይም፣ ከሱ በቀር ማንም አይነካውም፤ በስልክ ሲነግረኝ የሆነ ባለሥልጣን ነው የሚመስለው። ልጄ የላከችው እያለ። ከዚያ ጦርነቱ ሐይቅ ደረሰ። አባዬ ወደ አምባሰል ዘመዶቻችን ሸሸ። ስልክ ተቋረጠ፤ ያን ጊዜ የጻፍኩብሽን ገጾች ዛሬም አላነባቸውም። ሲመለስ በሩ ተገንጥሏል፣ ፍራሹ የለም፣ ምድጃው የለም፣ የስፌት መኪናው የለም። ስልክ የተከፈተ ቀን ቴሌቪዥኑስ አልኩት። ዘረፉት አለኝ። አንተ ተርፈሃል፣ እሱ ይሂድ አልኩት። ከልቤ ነበር።

ታዲያ ሪሞቱ? ስሸሽ ኪሴ ውስጥ ቀርቶ ነው አለ። ከእጄ ነጠቀኝ ማለት ይቻላል። ለሌለ ቴሌቪዥን ሪሞት ይዞ የሚዞር ሰው! አዘንኩለት።

ጥር 25፣ ማታ

ጥገና ተጀመረ። አባዬ አሸነፈ፣ ለጊዜው። ከቤት ውስጥ ያለው ብቻ ይጠገን፣ ግቢው አይነካ በሚል ተስማማን። ሙሄ የኩሽናውን መጋጠሚያ ፈታ፣ ቆረጠ፣ ቀጠለ፣ ጠበቅ አደረገው። አንዲት ጠብታ የለም። አባዬ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሞ ያያል፤ ሱሪ ተለክቶ እንደመጣለት ሰው ፊቱ በርቷል። እራፊ ማለት ይህ ነው አለ።

ሻይ ሳንጨርስ ጓዳው ጮኸ። ከግድግዳው ውስጥ ፊሽ! ሙሄ ዋናውን መዝጊያ ለመድረስ ሲሮጥ በርጩማው ጠለፈው። ያለሁበትን ተመልከቺ፤ እግሬ ውሃ ውስጥ ነው፣ ቀሚሴ እስከ ጉልበት ረጥቧል፣ እና እስቃለሁ። አባዬ አልሳቀም። ይህም ይጠገን አለ።

ጥር 29

ሦስተኛው ጥገና። አራተኛው ቦታ ፈሰሰ። ሙሄ ቤታችን ለመክረም ፍራሹን ሊያመጣ እንደሆነ ነገረኝ።

የካቲት 2

መምሬን አማላጅ እንዲሆኑኝ ልለምን ሄድኩ። ጎረቤታችን ናቸው፣ በግድግዳ ነው የምንዋሰነው፤ ከአባዬ ጋር ቅሬው፣ ማለት ዕድሩ፣ አንድ፣ ለቅሶው አንድ፣ ነገራቸውም አንድ ነው። አባዬ የማንንም ካልሰማ የሳቸውን ይሰማል።

ጉዳዩን ነገርኳቸው። መምሬ ሳል ያዛቸው። ግድግዳው ላይ አሻግረው ዘይቱኗን አዩ። ወዲያው ወሬ ለወጡ፣ ስለ ዓሳ ቤቱ ጠየቁኝ። እኔም ጠየቅኳቸው፤ ዓሳ ለሁዳዴ ይበላል አይበላም? አንዱ ይበላል ይላል፣ አንዱ አይበላም ይላል፣ ዳኛ ይሁኑኝ። አይ የኔ ልጅ፣ በዚህ ላይ ሰው ተጣልቷል አሉ። አይዋሹም መምሬ፣ ሲጨንቃቸው ግን እንደ ዓሳ ያሟልጫሉ።

ታዲያ አባዬን ያናግሩልኛል? "አባትሽ ይመር የያዘው ነገር አለው" አሉኝ። "መሬቱን ተይው። መሬት የተሰጣትን ትጠብቃለች... ውሃ ካላገኛት።" ከዚያ ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡ። አልገባኝም። አስቢበት፣ እኔም አስባለሁ።

የካቲት 5

የውሃ ፈረቃችን ቀን። መዝጊያውን እንደከፈትን ጓዳው፣ ኩሽናው፣ መታጠቢያው፣ ሁሉም በየራሱ ዜማ። ከሰዓት በኋላ ቆጣሪው ላይ ቆምኩ፤ መዘውሯ እንደ እብድ ትዞራለች። ዘይቱኗ ትኩስ አበባ አውጥታለች። ነጭ። ታምራለች እኮ! ተናደድኩባት።

የካቲት 8፣ ጠዋት

ተጣላን።

ሙሄ በረንዳውን ሰብረን በዚያ እንዝረጋ አለ፤ እኔ እሺ አልኩ። አባዬ አይሆንም አለ። ምክንያቱን ጠየቅኩት። ምክንያት የለውም። እኔ ነኝ የማውቀው፣ አንቺ እንግዳ ነሽ አለኝ። እዚያ ላይ ደሜ ፈላ። ያልኩትን ሳላሳምር እጽፈዋለሁ። እንግዳ ከሆንኩ እንግዳ ይሄዳል፣ የሚጠራኝ ቤት አለ፣ እዚያ ቤት ውሃው አያፈስም አልኩት። የካቲት መጨረሻ መልስ ይጠብቃሉ አልኩት።

በርጩማው ላይ ቁጭ እንዳለ ሚዛኑ የጠፋው መሰለኝ፤ እጁን መሬት ላይ አሳረፈ። መናገሬ አልጸጸተኝም። የጸጸተኝ በምን ድምፅ እንደተናገርኩት ነው። የማዳም ድምፅ ነበር። ውሃው ለምን አልተወለወለም የምትልበት ድምፅ።

የካቲት 9፣ ጠዋት 12 ሰ.

አባዬ ከሱብሂ ሶላት መልስ አላናገረኝም። ሻዩን ግን ጠጣ። ከሙሄ ጋር ደሴ ልንሄድ ነው። ቧንቧ ልገዛ። ፈቃድ አልጠየቅኩም። የሰላሳ ስንት ዓመት ሴት ነኝ፣ ሦስት ፎቅ ቤት በአንድ እጄ ሳስተዳድር ኖሬያለሁ፣ የራሴን ግቢ ቧንቧ ልምረጥ። በረንዳዬን እሰብራለሁ። ሲሚንቶውም የኔ ነው።

መኪና እየጠበቅን ነው የምጽፈው። ሙሄ ማን ላይ ነው የምታመለክቺው ይለኛል።

የካቲት 9፣ ማታ

ደብተሬ ሆይ፣ ከየት ልጀምር።

ከደሴ ስንመለስ ቧንቧው ባጃጁ ላይ ታስሯል፣ እኔ ጫፉን በእጄ ይዤ። ከበሩ ስንደርስ ሰው ተሰብስቧል። አባዬን ነው ያሰብኩት፣ ያ አስከፊ ሐሳብ። ሰውን ገፍቼ ገባሁ። አባዬ ዘይቱኗ ስር ጉድጓድ ውስጥ ቆሟል። እስከ ወገቡ። ዶማ በእጁ፣ ቆቡ ጭቃ ነክቶታል። ብቻውን ነው የቆፈረው። አጠገቡ፣ አፈር ላይ፣ በሸራና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሰፊ ጠፍጣፋ ነገር አለ፣ ውሃ ከሁሉም ጥግ ይፈስበታል።

ብርድ ልብሱን አወቅኩት። ሀምራዊ፣ ከጂዳ የላክሁት።

ሸራውን ሲገልጠው ቴሌቪዥኑ ነው።

አባዬ ከጉድጓዱ ሳይወጣ ነው የተናገረው፣ ቃሉን እንዳለ ላስቀምጠው፦ "ሰዎች፣ እወቁልኝ። ዘረፉት ያልኩት ይሄውና። ዘራፊው እኔ ነኝ። ልጄ በላቧ የላከችውን ማንም አይወስደውም ብዬ ቀበርኩት። ስቀብረው በዶማዬ ቧንቧውን መታሁት። በካላማዳሪያ ጎማ አሰርኩትና አፈር መለስኩበት። እኔው ቀበርኩት፣ እኔው ውሃ አጠጣሁት። ስትጠይቀኝ አሰጠምኩት ከምላት ወሰዱት አልኳት። በቃ። አሁን እንግዲህ ቆፍሩ።"

ለዚህ ነው በርጩማው። ለዚህ ነው ዘይቱኗ፣ እናቴ፣ እራፊው፣ በረንዳው እንኳ፤ ከቆጣሪው ቁፋሮ ከተጀመረ ይደረስበት ነበር። ዓመት ሙሉ በሬሳው ላይ ዘብ ተቀምጦ ኖሯል።

መሳቅ ጀመርኩ። ማቆም አቃተኝ። ሙሄ አውጥተን ብናሰጣው ዜና አያመልጠንም ሲል ሰፈሩም ሳቀ፣ አባዬም ጥርሱ ታየ። ያኔ ነው መምሬ ወደ ፊት የወጡት። አልሳቁም። "ይመር፣ እኔን ከቃሌ ፈተኸኛል?" አሉት አባዬን። አባዬ እጁን አወዛወዘ፣ ተዉ ይላል። መምሬ አልተዉም። ወደኔ ዞሩ። "የኔ ልጅ፣ ስንቆፍር አብሬው ነበርኩ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሁለት ነገር ነበር። ያንቺ ቴሌቪዥንና የሱ የስፌት መኪና። ተኩሱ እየቀረበ ነው፣ ጉድጓዱ አንድ እንጂ ሁለት አይዝም። መኪናውን አስገባ፣ እንጀራህ ነው አልኩት። አስገባው፣ መልሶ አወጣው።"

ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም።

አባዬ ስፌት ያቆምኩት መኪናው በመሄዱ ሳይሆን ዓይኔ ስለደከመ ነው ብሎኝ ነበር። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ አለኝ፣ እኔም ከዚያ ሆኜ መነፅር ላክሁለት። ዓይኑ ምንም አልሆነም። መኪናው ነው የሄደው። የሚያበላውን ለሰው እጅ ትቶ፣ ልጄ ላከችልኝ የሚልበትን ነው የቀበረው።

ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ። በደሴ ልብሴ፣ በጫማዬ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። እጁን ሳምኩት፣ እሱ ግንባሬን። እንዲህ ያለ አባት ያላት ሴት በዚህ ከተማ ማን አለ፣ እስቲ ንገሪኝ። ይህን የምጽፈው እያለቀስኩ ነው፣ ግን ኀዘን አይደለም፤ ኩራት እንዲህ የሚያስለቅስ መሆኑን አላውቅም ነበር።

የካቲት 10፣ ጁምአ

ብረቱ ወጣ። የዶማው ቀዳዳ እነሆ፣ ካላማዳሪያው እንደተጠመጠመበት። አባዬ አንገቱን ደፍቶ ሲያየው ሙሄ ራቅ ያለውን ጫፍ ያዘና በጉልበቱ ላይ እንደ አገዳ ሰበረው። ከዚያም ሌላ ቦታ ሰበረ። ውስጡ ዝገት ብቻ ነው፤ ጣት አያስገባም። ጋሼ ይመር፣ ዶማህ ባይነካውም ይሄው ነበር፣ አለ። አባዬ ቁራጩን ተቀብሎ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው። ጨርቅን በሁለት ጣት እያሸ እንደሚያየው።

"ይሄ እራፊ አይዝም" አለ። "ይተካ።"

ልብስ ሰፊው ራሱ ፈረደ!

ከጁምአ መልስ ሥራ ተጀመረ። አባዬ የድሮ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ሙሄ በዓይኑ ገምቶ ሊቆርጥ ሲል ያስቆመዋል። ሁለቴ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ። ለመታጠፊያው ትርፍ ተው፤ ቂጥ ላይ የጠበበ ሱሪ ማንም አይለብስም። ሙሄ እየተነጫነጨ ይታዘዛል። የዘይቱኗን ስር ዙረን አለፍን፤ አንድም አልተቆረጠም። መምሬ ከግድግዳው ማዶ አንገታቸውን አስግገው፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያሉ ያዝዛሉ። የሚሰማቸው የለም።

ቴሌቪዥኑን ምን እናድርገው? አባዬ ደሴ አንድ ጎበዝ ጠጋኝ አለ ይላል። ወላሂ እንዲህ ይላል! እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

የካቲት 12

መሬቱ አልተሸፈነም፤ ሙሄ ሳይፈተን አፈር አይመለስም ብሏል። የፈረቃችን ቀን ነው። አባዬ ዱአ አደረገ፤ መምሬ ከግድግዳው ማዶ አሜን አሉ። ከዚያ ሁሉም አባዬን ጠበቀ፣ ዋናውን መዝጊያ እንዲከፍት። የዛሬ ስንት ዓመት የከፈተው እሱ ነው። ተራው የሱ ነው።

እጁን ዘረጋ። መለሰው። ለሰዉ ጮክ ብሎ፦ "የቤቱ ባለቤት እያለች እኔ ምን አግብቶኝ።"

አልገባኝም ነበር። ዞሬ የምን ባለቤት ብዬ አየሁ፤ እውነት ማን እንደሚመጣ ፈለግኩ። ሙሄ በክርኑ ጎሸመኝ።

ከፈትኩ። መስመሩ ሳል ሳል አለ፣ አየር ተፋ፣ ከዚያ ጸጥ። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በእጄ ዳሰስኩ፤ ደረቅ። ሁሉም ደረቅ። ቆጣሪው ዘንድ ሮጥኩ። መዘውሯ ቆማለች። ሄዶ መዘውሯን ያላየ የለም፤ መምሬ ሳይቀሩ ዞረው በበሩ መጡ። አንዲት የቆመች መዘውር ለማየት ሰው ተሰለፈ። ሐይቅ ከተማ ከሆነ ወዲህ እንዲህ ያለ ሰልፍ አልተሰለፈም።

የካቲት 19

ቀለም ቀባሁ። የፊቱ ክፍል የሐይቅ ሰማያዊ። የማጠቢያ ገንዳው ገብቷል፤ ውሃው ንጹሕ ነው፣ ሻሼ ነጭ። ሁዳዴ ገባ፣ ረመዳንም ቅርብ ነው፤ ጾም በጾም ላይ ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው እኔን አየሁ። መምሬ ስለ ዓሳው አሁንም አልፈረዱም። አባዬን ግን ከመስኮቱ ጥግ ሜትሩን ይዞ ቆሞ ያገኘሁት ስንት ጊዜ ነው። ምን እየለካህ ነው ስለው ዝም ብዬ ይላል። እኔ አውቄያለሁ። የስፌት መኪና የሚገባበትን ነው። ያገለገለ ጠንካራ መኪና የሚሸጥ ሰው ካለ ብዬ ለሙሄ ነግሬዋለሁ። አባዬ አዲስ አይወድም።

የካቲት 26፣ ከሰዓት 9 ሰ.

ማዳም ደወለች። በምስል ሳይሆን በድምፅ። ዓሳ እየላጥኩ ነበር፣ የመጀመሪያው ዓሳ፤ ለሙከራ፣ ለሰፈሩ። ስልኩን በክርኔ ከፈትኩት።

መልሴን ጠየቀች። አልመጣም አልኳት። በአረብኛ፣ በጥሩ አረብኛ፣ አልሐምዱሊላህ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ለእናቷ ሰላምታ ሰጠሁ፣ ለልጆቹም። ከልቤ ነው፣ ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። ከዚያ ጠየቀችኝ። ለክፋት አይደለም፣ በእውነት ስላልገባት ነው። እዚያ ምን አለሽ ሰዓዳ?

ምን ልበላት። አባዬን? ጉድጓዱን? ስለ እንግድነት? አረብኛዬ አይበቃም። አማርኛዬም አይበቃም። ቧንቧውን እስከ ጥግ ከፈትኩና ስልኩን ከገንዳው አፍ ላይ አስጠጋሁት። ትስማው።

አባዬ ከጓዳ ውሃው አለቀ እኮ ብሎ ጮኸ። ሁለቱንም ዘጋሁ።